ከምላጭ የወደቀ

ሪጋ፣ ሬዲዮ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮት የሌላት ክፍል፣ ሰማይ የማታሳይ፤
እዚያ ነው ያረጀሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
በግራ እጄ ክር፣ በቀኜ ስለት።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ስህተት ሲገኝ መቁረጥ፣
ጫፍ ከጫፍ ማጣበቅ፣ ጠባሳው እንዳይገለጥ።

ቬልታ ክራውክሌ፣ ለቀረጻ ስትመጣ፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ሰላምታ ካፏ ሳይወጣ፣
ለብ ያለ ውሃ ነው የምትለው "አምጡ"፣
የደነዘዙ ጣቶች ከበረዶው እስኪወጡ።
ሰባ ሰው ሲያስል፣ ቫዮሊን ሲቃኝ፣
እሷ ከወንበሯ ጋር ስትካሰስ ነው የምትገኝ፤
ከእናቷ ኩሽና በትራም ያመጣችው፣
ሲጥ የሚል ወንበር፣ አንድ እግሩ አጭር ነው።
"ወንበሩ ይቀየር!" አለ መሪው ተቆጥቶ፤
"ተዉት፣ ይጫወት እሱም፣ አጥንቷል አብሮኝ ለፍቶ።"

ኮንቸርቶው ሬ ሚኖር፣ ሁለተኛው ክፍል፣
በእግር ጣት የሚሄድ፣ ሕፃን የተኛ ይመስል፤
ሃያ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ተጫወተች፣
ሃያ ሁለት ጊዜ "እንደገና" አለች።
እኔ ከመስታወት ወዲህ፣ በቢጫ እርሳስ፣
ክሩ ላይ ሳሰምር የሚቆረጥ ነፍስ፦
እዚህ ጋ ጥፍሯ ነው፣ እዚህ ጋ ትንፋሽ፣
እዚህ ጋ አራተኛ ጣት ከመንገድ ሲሸሽ፤
እዚህ ጋ ትራሙ፣ ደወሉን እየመታ፣
እዚህ ጋ ስትስቅ፣ በስህተቷ ረክታ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲሉ፣
ውሸት ነው! እኔ አፍሼ፣ አጣርቼ በሙሉ፣
በጥቁር ሸክላ ላይ ረግቶ እየከበበ፣
ከፕራግ እስከ ኪዮቶ ጆሮ ተሰበሰበ።
ጋዜጣው ጻፈላት፦ "እንከን የሌለባት"፣
ሜዳልያው መጣ፣ አበባው መጣላት፤
ሄልሲንኪ፣ ላይፕዚግ፣ ቦነስ አይረስ፣
ሻንጣዋ ሳይፈታ ሌላ ቲኬት ሲደርስ።

ግርዱ ግን የኔ ነው።
ማንም ያልፈለገው፣
ከምላጭ የወደቀው፣
ጣት የምታህል ክር፣ ክንድ የምታህል ክር፣
በብስኩት ቆርቆሮ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር።

ከዚያ እጇ ታመመ።
አራተኛው ጣቷ፣ ያ ሸሽቶ የነበረ፣
እንደ ቆየ ሽቦ ታጥፎ ደርቆ ቀረ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟን ሰምቼ አላውቅ፤
ሸክላዋ ግን ይዞራል፣ አይደክም፣ አያረጅ፣ አይስቅ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ደረጃውን ወጣች፣
በሬን ሳታንኳኳ በትከሻዋ ገፋች።
"አርቪድስ" አለችኝ። ስሜን ታውቅ ኖሯል!
"ሸክላውን ስሰማ ሌላ ሴት ይመስላል።
እሷን አላውቃትም፤ ወንበሯም አይጮህም።
ቆርጠህ የጣልከኝን እኔን አላስቀረህም?"

ቆርቆሮውን ከፈትኩ።
ቅደም ተከተል የለው፣ ዓመት የለው፣ ስም የለው፣
አንዱን በሌላው ላይ ሌሊቱን ስናጣብቀው፣
እሷ ሙጫ ያዘች፣ በማይታዘዝ ጣት፣
እኔ ምላጩን ትቼ፣ መነጽሬን ሰጠኋት።

ሲነጋ ሰማነው። አሥራ አንድ ደቂቃ፦
ሲጥ። ሳል። ሬ ያልሆነ ሬ። የተቋረጠ ሲቃ።
"እንደገና።" ሳቅ። ትራም። ደግሞ "እንደገና።"
መሪው ሲያጉረመርም፣ ከሩቅ እንደ ደመና።
ጉልበቷ ላይ ያለው እጇ እየተጓዘ፣
የተሳሳተውን ሁሉ በትክክል ያዘ።

ልነግራት አስቤ አፌ ላይ ተውኩት፦
አንዲትን ስህተቷን ሸክላው ውስጥ ደበቅኳት፤
ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ በግራ እጅ፣ ወደ ታች፣
ምላጬ ሲደርስባት ቀና ብላ ያየች።
ኪዮቶም አልሰማት፣ ጋዜጣም አላያት፣
እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አላልኳት።

ቬልታ ስትወርድ፣ ከደረጃው አጋማሽ፣
ያቺኑ አንጎራጎረች፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ።
ከታች በሩ ተዘጋ። ትራሙ ደወለ።